የበረንዳ በሶብላና የሥጋ መጥበሻ ቅጠላቸው ለምን ቢጫ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ሱሉልታ ነው። በአንድ ቆርቆሮ የተተከሉት በሶብላና የሥጋ መጥበሻ ከታች ጀምሮ ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ውሃ በየቀኑ ይጠጣሉ። ምን ጎደላቸው?

መልስ 1፦ ውሃው በዝቶ ነው። የሥጋ መጥበሻ እርጥበት ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ በሶብላ ግን ቶሎ ይጠማዋል፣ ስለዚህ ለየብቻ ይትከሏቸው። የቆርቆሮውን ሥር በምስማር 5 ወይም 6 ቦታ ይብሱት። መረሬ አፈር ብቻውን ውሃ ይቋጥራል፤ ለሥጋ መጥበሻው 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይቀላቅሉ። ጣትዎን አስገብተው ውስጡ ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ።

መልስ 2፦ በሶብላን ውርጭ ያጠቁረዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ቤት ያስገቡት፣ ቀን ደግሞ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያግኝ። ቅጠል ከፈለጉ እምቡጡን ቶሎ ቶሎ ይቀንጥሱ። ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ ግን አይንኩት፤ የሚደርቀው አበባው ነው።

መልስ 3፦ የሥጋ መጥበሻው ሥር ከጠቆረ አይድንም። ከጤነኛው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው፣ የታችኛውን ቅጠል ገፈው እርጥብ አሸዋ ላይ ጥላ ውስጥ ይትከሉት።