በዲግሪ ብቻ አሜሪካ ፒኤችዲ ይገባል ወይስ መጀመሪያ ማስተርስ ልያዝ?

ኬሚስቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አምና ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ አሁን የውሃ ጥራት የሚመረምር ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ውጤቴ 3.6 ነው። አሜሪካ ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን "መጀመሪያ እዚሁ ማስተርስሽን ያዢ" ይሉኛል፣ ጓደኞቼም ለድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው እያጠኑ ነው፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሁለት ዓመት ቆይቼ እዚያ እንደ አዲስ የምጀምር ከሆነ ምን አደከመኝ እላለሁ። ሌላው ጭንቀቴ፣ ኮስት ሼሪንግ ስላልከፈልኩ ኦሪጅናል ዲግሪዬ አልተሰጠኝም። በእጄ ያለው ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጠው የውጤት ዝርዝር) ነው። ያለፋችሁበት እባካችሁ ምከሩኝ።

ሦስተኛ_ዓመት፦
ይገባል። እኔም በዲግሪ ነው የገባሁት። እዚህ በኬሚስትሪ ከዲግሪ ቀጥታ ፒኤችዲ መግባት የተለመደ ነው፣ አምስት ዓመት አካባቢ ይፈጃል። ማስተርስ ብቻ ብለሽ ካመለከትሽ አብዛኛውን ጊዜ ከኪስሽ ነው። ፒኤችዲ ከሆነ ግን የትምህርት ክፍያው ይሸፈንልሻል፣ የዲግሪ ተማሪዎችን ላብ እያስተማርሽም ደሞዝ ይከፈልሻል። አደራ የምልሽ ግን አድቫይዘር፣ ማለትም ምርምርሽን የሚመራው ፕሮፌሰር ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ብቻ እያየሽ አታመልክቺ፣ አብረሻቸው መሥራት የምትፈልጊያቸው ሁለት ሦስት ፕሮፌሰሮች ያሉበትን ምረጪ። የላቡን ድረ ገጽ ክፈቺና ተማሪዎቹ በስንት ዓመት እንደጨረሱ፣ አሁን የት እንደሚሠሩ እዪ፣ ለነባሮቹም በግል ጻፊላቸውና አድቫይዘሩ በየስንት ጊዜው እንደሚያገኛቸው ጠይቂ። አንድ ጎበዝ ጓደኛዬ አድቫይዘሩን ማግኘት አቅቶት ሁለተኛ ዓመት ላይ ላብ ቀየረ፣ የለፋበት ሥራ እዚያው ቀረ።

መምህር_ነኝ፦
ልጄ፣ እዚህ ማስተርስ መማር ከንቱ አይደለም። ውጤቱ ዝቅ ላለ ወይም ምርምር ሠርቶ ለማያውቅ ተማሪ ጥሩ ቴሲስ በር ይከፍታል። አንቺ ግን በ3.6 ቀጥታ ብትሞክሪ ይሻልሻል። ችግር የሚሆንብሽ የድጋፍ ደብዳቤው ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ተማሪዎቻችን ማመልከቻው ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ይጽፉልናል፣ እኛም ከመቶ ተማሪ ውስጥ ማን ምን እንደሠራ አናስታውስም፣ ከዚያ "ጎበዝና ትጉህ ናት" የሚል ለማንም የሚሆን ደብዳቤ ይወጣል። ከአሁኑ ጻፊላቸው። የመመረቂያ ሥራሽን፣ የት እንደተቸገርሽና እንዴት እንደፈታሽው በአንድ ገጽ አያይዢላቸው። "ራስሽ ጽፈሽ አምጪ" ቢሉሽ እሺ አትበይ፣ ማስታወሻውን ስጪና ደብዳቤውን እነሱ ይጻፉት። ከተቻለም በዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው ይላኩት፣ በጂሜይል የመጣን ደብዳቤ የሚጠራጠሩ አሉ።

ቨርጂኒያ፦
ስለ ወረቀቱ አትጨነቂ፣ ለማመልከት ብዙ ቦታ ስቱደንት ኮፒ ይበቃል። ኦፊሻሉን ትራንስክሪፕት የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ከተቀበሉሽ በኋላ ነው። ግን የኮስት ሼሪንጉን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሪ፣ ቢሮ ለቢሮ መመላለሱ ጊዜ ይበላል። ለማመልከቻ ክፍያው ደግሞ ሳትከፍይ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ኢሜይል ጽፈሽ ነጻ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ ያደርጋሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የአሜሪካ ድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የማይጠይቁ የኬሚስትሪ ክፍሎችም ሞልተዋል። ዶላር የምታስቀምጪው ለቪዛው ነው፤ ሴቪስ የሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ክፍያ ብቻውን 350 ዶላር ነው፣ የቪዛው ክፍያ ለብቻ። አብዛኛው ማመልከቻ የሚዘጋው ዲሴምበር ላይ ነው፣ በእኛ ከህዳር መጨረሻ ጀምሮ ማለት ነው። ከተቀበሉሽ ደግሞ ቶሎ ወስኚ ብለው ቢያጣድፉሽ አትደንግጪ፣ ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች በስምምነት እስከ ኤፕሪል 15 ይጠብቃሉ።

ኬሚስቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ትልቅ ሸክም ነው ያቀለላችሁልኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሁለት መምህራን አሉኝ፣ ሦስተኛውን ደብዳቤ የላብራቶሪው አለቃዬ ቢጽፉልኝ ያስኬዳል?

መምህር_ነኝ፦
በደንብ ያስኬዳል። የትኛውን መሣሪያ ብቻሽን እንደምትሠሪ፣ ውጤት ሲዛባ ምን እንደምታደርጊ ይጻፉልሽ። እኛ ክፍል ውስጥ ያላየነውን እሳቸው ያዩት ይሄንን ነው።