ልብ ወለዴን ፌስቡክ ላይ ሳስተዋውቅ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እውነት መጽሐፍ ይሸጣል?

የሐዋሳዋ መምህርት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። ልብ ወለድ የምትጽፉም፣ የምትሸጡም፣ የምታነቡም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ያሳተምኩት አምና ኅዳር ላይ ነው። በራሴ ገንዘብ፤ ዕቁብ ደርሶኝ። ማተሚያ ቤቱ «ከ1,000 በታች አያዋጣሽም» አለኝ፤ 1,000 አሳተምኩ። በምርቃቱ ቀን 140 ያህል ተሸጠ። የገዙት ባልደረቦቼ፣ የማኅበር ሰዎች፣ የእናቴ ጎረቤቶች፣ ድሮ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ገበያው ጭጭ አለ።

እሱ ጭጭ ሲል እኔ መጮህ ጀመርኩ። በየቀኑ ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ። አንዴ ሽፋኑን፣ አንዴ ከውስጡ አንድ አንቀጽ፣ አንዴ መጽሐፉን ይዘው ፎቶ የተነሱ ሰዎችን። ቴሌግራም ቻናል ከፈትኩ። የእህቴ ልጅ ቲክቶክም አስጀመረችኝ። ላይክ ሞልቷል። ስለ አባቴ እጆች የጻፍኩት አንድ ጽሑፍ ብቻ 3,000 ላይክ አገኘ። በዚያ ሳምንት ስንት መጽሐፍ የተሸጠ ይመስላችኋል? አራት። ሁለቱን የገዛችው አንዲት ሴት ናት።

አሁን አልጋዬ ሥር ስድስት ካርቶን አለ። ቤት ስጠርግ መጥረጊያው ካርቶኑን ሲነካው ሆዴ ይባባል። ሁለተኛ ልብ ወለድ ጀምሬ ነበር፤ ገጽ 40 ላይ ቆሟል። ማታ ማታ የምጽፍበትን ሰዓት ልጠፋው በላው።

ደራሲ መጽሐፉን ራሱ ማስተዋወቁ እውነት ሽያጭ ላይ ለውጥ አለው? ወይስ ትቼው ልጻፍ?

አዟሪው ከብሔራዊ

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ድሮ ክንዴ ላይ ደርድሬ ካፌ ለካፌ አዞር ነበር። አሁን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ትንሽ መደርደሪያ አለችኝ። የማየውን ልንገርሽ።

በቀን ሦስት አራት ሰው ስልኩን ዘርግቶ «ይሄ አለህ?» ይለኛል። የሽፋን ፎቶ ነው የሚያሳየኝ። ስለዚህ ልጠፋው ከንቱ ነው አልልሽም። ግን «ማን ነገረህ?» ብዬ ሁሌ እጠይቃለሁ፤ ስንት ቅጂ እንደማዝ የምወስነው በዚያ ነው። ደራሲው ሲለጥፍ አይቼ የሚለኝ ጥቂት ነው። «ጓደኛዬ ታክሲ ውስጥ እያነበበች መውረጃዋን አለፈች» ያለችኝ ልጅ አለች። «ሬዲዮ ላይ ሲተረክ ጀምሬ መጨረሻው አመለጠኝ» የሚል አለ። «ቢሯችን ውስጥ የሚወራው እሱ ብቻ ነው» የሚልም አለ።

አንድ ሌላ ነገር። ስልኩን ያሳየኝ ሰው መጽሐፉ ከሌለኝ «በቃ ሌላ ቀን» ብሎ ይሄዳል። ያ ሌላ ቀን አይመጣም። ባለፈው ክረምት የአንዲት ደራሲ መጽሐፍ ቲክቶክ ላይ መወሪያ ሆነ። በሦስት ቀን ሃያ ሰው ጠየቀኝ። መጽሐፉ ግን አከፋፋዩ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሰውየው ስልክ አያነሳም። ከሳምንት በኋላ ሲደርሰኝ ወሬው ወደ ሌላ ዞሯል። አምስት ሸጬ የቀረውን መለስኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። መጽሐፉ እኮ ጥሩ ነበር።

አንቺስ? ስትለጥፊ የሚያይሽ ሰው አዲስ አበባም ደሴም ጅማም ነው። እዚያ መደርደሪያ ላይ አለሽ?

ባለ ሦስት መጽሐፍ

መምህርት፣ የጻፍሽውን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ዓመት አየሁት። የኔም ካርቶኖች ሳሎን ነበሩ፤ ጨርቅ አልብሰናቸው እንግዳ ይቀመጥባቸው ነበር።

በሁለተኛው መጽሐፌ ጊዜ ደብተር ያዝኩ። በግራ በኩል በሳምንቱ ያደረግኩትን እጽፋለሁ፤ በቀኝ በኩል መደብሮቹ የጠየቁኝን ቅጂ። «መጽሐፌ ገበያ ላይ ነው» እያልኩ የለጠፍኩባቸው ሳምንታት፣ ከመጀመሪያው ወር በቀር፣ ቀኛቸው ባዶ ነው። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። የሚያውቀኝ ሰው በመጀመሪያው ወር ገዝቶ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የምጮኸው መጽሐፉን ለገዙት ሰዎች ነበር።

ቀኙን ያንቀሳቀሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ፣ አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ሁለት ምዕራፍ ተረከልኝ። ሌላው ይበልጥ ገረመኝ። አንድ የንባብ ክበብ ውስጥ 12 ወጣቶች አንብበውት ቅዳሜ ከሰዓት ሲከራከሩበት ዋሉ። እኔ ጥግ ይዤ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። አንዷ ልጅ ዋናውን ገጸ ባሕርይ «ፈሪ ነው» ብላ ድርቅ አለች፤ ሌላው ሊጣላት ምንም አልቀረው። ሁለቱም የየጓደኞቻቸውን ፍርድ ፈልገው መጽሐፉን አስገዟቸው። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያች ክፍል ብቻ ወደ 70 ቅጂ ሄደ።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ግን ስንቱ ሰው ነው ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤቱ ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው! አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ልጇ አዝናላታለች። ያን ያህል ታላቅ መጽሐፍ እንኳ በሌላ ሰው ድምፅ ነው ብዙ ቤት የገባው።

እንግዲህ አንቺም ማታ ማታ የምታጠፊውን ሁለት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት በሳምንት አውርጂው። በዚያች አንድ ሰዓት መጽሐፍሽን ለማን እንደምትሰጪ አስቢ። የቀረውን ጻፊበት።

ክፍል 20

ባለ ሦስት መጽሐፉን ጋሼ አከብራቸዋለሁ ግን በዚህ አልስማማም። እኔን የሸጠኝ ራሴ የሠራሁት ነው።

ታሪኬን ከማሳተሜ በፊት ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል ለቀቅኩት። ማክሰኞና ዓርብ ማታ 2 ሰዓት፣ አንድ ቀን ሳላዛንፍ። ሰው ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል። ትንሽ ከዘገየሁ «የት ጠፋሽ?» ይሉኛል። ክፍል 20 ላይ ስደርስ አቆምኩና ቀሪው በመጽሐፍ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። የተቆጡ ነበሩ፣ እውነቴን ነው። ቢሆንም 400 ሰው ገና ማተሚያ ቤት ሳይገባ በቴሌብር ከፈለ። የማተሚያውን ቀብድ የከፈልኩት በዚያ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ስለ አባትሽ እጆች ስትጽፊ ሰው የወደደው ያን ጽሑፍ ነው። አባትሽ መጽሐፉ ውስጥ አሉ? ከሌሉ ሰውየው ለምን መጽሐፉን ይገዛል? ከታሪኩ ቆርሰሽ ስጪው። የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ አቁሚ።

የተጎዳሁበትንም ልናገር። ታትሞ በወጣ በአምስተኛው ሳምንት ሙሉ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ተበተነ። እያንዳንዱ ገጽ በስልክ ፎቶ የተነሳ ነው፤ የአንሺው አውራ ጣት እንኳ ይታያል። አልቅሻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ አንባቢ ነኝ፣ ከሀገር ከወጣሁ ቆየሁ። እዚህ አሜሪካ ሆነን የደራሲዎችን ልጠፋ በደንብ እናያለን። «የት ልግዛ?» ብለን ስንጽፍ የሚመልስልን የለም፣ ወይም የአዲስ አበባ ሱቅ ይነግሩናል። ያለን መንገድ ከሀገር ቤት የሚመጣ ሰው ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በርበሬና ሽሮ ቅድሚያ አላቸው። ባለፈው ፋሲካ እህቴ ሦስት መጽሐፍ አመጣችልኝ፤ ከኔ ቀጥሎ ሰባት ሰው ተዋሰው። አንዱ አሁን ዳላስ ነው ያለው ይባላል። መምህርት፣ ልጠፋሽ ላይ ቢያንስ የምትደወል ስልክ አስቀምጪልን።

የሐዋሳዋ መምህርት

ከወር በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እያንዳንዱን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

አዟሪው ወንድሜ ጥያቄህ አሳፍሮኝ ነበር። ከሐዋሳ ውጭ መደርደሪያ ላይ አልነበርኩም። አከፋፋዩ ከሽያጩ 40 በመቶ የኔ ነው ሲለኝ ተናድጄ ካርቶኑን ቤቴ ይዤ ተመልሼ ነበር። አሁን ለአንተ 30፣ ለደሴ አንድ መደብር 20 በአውቶቡስ ላክሁ። 15 ቅጂ ደግሞ እዚህ ላለ የንባብ ክበብ በነጻ ሰጠሁ። ከዕቁብ ገንዘቤ ላይ መስጠት ከበደኝ፤ እውነቱን ልናገር። ልጠፋዬ በሳምንት አንድ ሆኗል፤ ከታሪኩ አንድ ትዕይንት ቆርጬ፣ ከሥሩ የት እንደሚገኝ ጽፌ። በወሩ 46 ተሸጠ። ካርቶኑ አላለቀም፤ ግን ከገዙት ውስጥ የማውቀው ሰው ሁለት ብቻ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከደሴ አንድ ሰው ደወሉ። በዕረፍት ሰዓት ነበር፣ እጄ ላይ ጠመኔ አለ። ስማቸውን እንኳ ሳይነግሩኝ «ያቺ ልጅ ግን ለምን ወደ ቤቷ ተመለሰች?» አሉኝ። ደወል ተደውሎ ተማሪዎቼ እስኪገቡ ድረስ ስንከራከር ቆየን። አልተቀበሉኝም። ሚስታቸው እስክትጨርስ ጠብቀው ደግመው ሊደውሉልኝ ነው።

ያን ማታ ገጽ 41ን ጻፍኩ። ዛሬ 58 ላይ ነኝ።

አዟሪው ወንድሜ፣ ስንት ቀረህ? ሰኞ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፤ 20 ልጨምርልህ?