ማርቆስና ባህርዳር አካባቢ ቡችላ ለምትገዙ፦ መጀመሪያ እናቱን እዩ

ሰሞኑን "ታማኝ የውሻ አርቢ ጠቁመን" የሚለኝ በዛ፣ አንዷንማ ዛሬ ነገ ስላት ሳምንት አለፈ፣ ይቅርታ እህትአለም። ስም ጠርቼ እገሌ ጋ ሂዱ አልልም፣ አምና ጥሩ የነበረ ሰው ዘንድሮ ከሌላ ገዝቶ "የቤቴ ውልድ ነው" እያለ ሲሸጥ አይቻለሁ። ያየኋቸውን ሻጮች ግን ላወዳድርላችሁ፣ ሁለት ቡችላ ገዝቼ አንዱን የቀበርኩ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያውን የገዛሁት በቴሌግራም ነው። ፎቶው ያምራል፣ ፒዩር ጀርመን ሸፐርድ ነው ይላል፣ ግማሹን በቴሌብር ቀብድ ትልካለህ፣ ቡችላው ከአዲስ አበባ በመኪና ይመጣልሃል። ገንዘቤ እንኳን አልተበላም፣ ሌሎች ቀብዳቸውን ልከው ቻናሉ የጠፋባቸው አሉ። ግን አስቡት፣ የሙዝ ካርቶን ውስጥ ሆኖ የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ከዛ ሙቀት በኋላ የደጀንን ብርድ ተቀብሎ፣ ማርቆስ መናኸሪያ ካርቶኑን ስከፍተው የራሱ ሽንት ላይ ተኝቶ ነበር። 18 ሺህ ብር፣ ከነክትባት ደብተሩ። በሦስተኛው ቀን ምግብ እምቢ አለ፣ ከዛ ማስመለስ፣ ከዛ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የእንስሳት ሐኪሙ ፓርቮ ነው አለኝ (ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ ነው)፣ ጉሉኮስ ሰቀልንለት፣ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ሻጩ ጋ ስደውል "ከኔ ጤነኛ ሁኖ ነው የወጣ ወንድሜ፣ አንተ ጋ ነው የያዘው" አለኝና ብሎክ አረገኝ። ሐኪሙ እንደነገረኝ ግን ፓርቮ ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ወይ እዛው ወይ መንገድ ላይ ይዞት ነው የመጣው።

ደብተሩን ቁጭ ብዬ ያየሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው፣ የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የተወለደበት ቀን አለ፣ የመጀመሪያ ክትባት ቀን አለ፣ ብቆጥረው በመሀሉ ያለው 16 ቀን ነው! የ16 ቀን ቡችላ እኮ አይኑን ከገለጠ ገና ቀናቱ ነው፣ ማን ይከትበዋል? የፓርቮና የዲስቴምፐር (ሌላው ገዳይ የውሻ ቫይረስ) ክትባት የሚጀመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ነው፣ ከዛ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላ ይሄዳል፣ አንዴ ስለተወጋ ተከትቦ ጨረሰ ማለት አይደለም። ደህና ደብተር ላይ ከብልቃጡ የተላጠች ስቲከር ተለጥፋ ታያላችሁ፣ ባች ቁጥርና ኤክስፓየር ዴት ያላት፣ አጠገቧ የሐኪሙ ፊርማና ማህተም። የኔው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ "ተከትቧል" ይላል፣ አለቀ።

ቀጥዬ ባህርዳር አንድ "እርባታ" ሄድኩ። ሮትዋይለር አለ፣ ላብራዶር አለ፣ ሸፐርድ አለ፣ ፀጉራም ትንንሾቹም አሉ፣ መቼም ብትመጣ ቡችላ አይጠፋም አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቆይቼ ሳስበው ግን ውሻ እኮ 63 ቀን ገደማ ታረግዛለች፣ ከዛ ሁለት ወር ታሳድጋለች፣ ራሱ የሚያረባ ሰው ብዙ ጊዜ "አሁን የለም፣ ጠብቅ" ነው የሚል። እናቱን አሳየኝ ስለው ቆይ ብሎ ገባና አንዲት ሴት ውሻ በሰንሰለት ይዞ መጣ። ጡቷን አየሁት፣ ሆዷ ላይ ልጥፍ ብሎ የደረቀ፣ ወልዳ የምታውቅም አትመስልም። ሁለት ወር ሙሉ ስድስት ቡችላ ያጠባች እናት ጡቷ ይንጠለጠላል፣ አንዳንዱ የጥርስና የጥፍር ጭረት አለበት። ደግሞ ቡችሎቹ ዞር ብለውም አላዩዋት። እናታቸው ብትሆን እግሯ ስር ተንጋግተው ይገቡ ነበር። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። የሆነ "ፔዲግሪ" (የዘር ሐረግ) የሚል ፎቶኮፒም አሳይቶኝ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ውሻዋ ቆዳ ስር ከተቀበረ መለያ ቺፕ ጋ ካልገጠመ ወረቀት ነው ብቻ።

መንገድ ዳር በካርቶን ይዘው የሚቆሙትንስ? ማለፍ። ብዙዎቹ ገና ከእናታቸው መለየት የሌለባቸው ናቸው። አፋቸውን ከፍታችሁ እዩ፣ የወተት ጥርስ በ3 ሳምንት አካባቢ ብቅ ማለት ይጀምርና በ8 ሳምንት ገደማ 28ቱም ይሞላል፣ "ሁለት ወሩ ነው" ብሎ መንጋጋው ባዶ ከሆነ ዋሽቷችኋል።

አሁን ያለኝን ውሻ ያገኘሁት ፍኖተ ሰላም አንዲት እናት ቤት ነው፣ እትዬ ነው የምላቸው። አርቢ ተብለው ታፔላ የለጠፉ አይደሉም፣ ውሻቸው በሁለት አመት አንዴ ትወልዳለች። ገና በሩን ሳልፍ መጠየቅ ጀመሩ፣ አጥር አለህ ልጄ? ቀን ቤት ማን ይውላል? በሰንሰለት አስረህ ልታውለው ነው? እኔ ልመረምር ሄጄ ተመረመርኩ። እናትየዋን ራሴው ሄጄ ነካኋት፣ ስትነሳና ስትራመድ አየኋት (ሸፐርድ የዳሌ ችግር በዘር የሚተላለፍበት ውሻ ነው፣ ወገቧን እየጎተተች የምትነሳ እናት ካያችሁ ተመለሱ)። የቡችላውን ከንፈር ገልጬ ድዱን አየሁ፣ ቀይ ሮዝ ነው፣ የነጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትል ደሙን እየጨረሰው ነው። የትል መድኃኒት መቼ መቼ እንደሰጧቸው ግድግዳ ካላንደር ላይ በቢክ ከበውታል።

ከዛ "ቤትህ ቡችላ ሞቶ ያውቃል?" አሉኝ። ልዋሽ ዳድቶኝ ነበር ግን አዎ አልኳቸው። ወዲያው ልብሴንና ጫማዬን አዩ፣ ሁለተኛ ወደ ቡችሎቹ አላስጠጉኝም። ፓርቮ ግቢ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴ አመትም ይቆያል፣ ሲሚንቶውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ እጠበው፣ አፈሩ ላይ ግን እስኪከተብ አታውርደው አሉኝ፣ ስንቶቻችን ይሄን እናውቃለን? 1 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብለው የመጨረሻውን ክትባት እስኪጨርስ እዛው አቆዩልኝ፣ ስወስደውም የለመደውን ምግብ በፌስታል ሰጡኝ፣ ድንገት ከቀየርክበት ያስቀምጠዋል ብለው። የእብድ ውሻ ክትባቱም ሦስት ወር ሲሞላው እዛው እያለ ተወጋ፣ ይሄን የማያነሳ ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተ አንሱበት።

ጆሮው ካልቆመ ክልስ ነው ወይ ለምትሉ፣ አይደለም፣ የሸፐርድ ጆሮ ጥርስ እየቀየረ እያለ እየወደቀ እየተነሳ እስከ 5 እና 6 ወር ሊቆይ ይችላል። የኔው በአምስተኛው ወር ግራው ቆሞ ቀኙ ተኝቶ ነበር፣ ፎቶ ልኬላቸው እትዬ ሳቁብኝ።

የእሳቸውን ስልክ ስጠኝ የምትሉ፣ አሁን ቡችላ የላቸውም፣ ሳላስፈቅዳቸውም አልሰጥም።