ሐሳቡ መንገድ ላይ ይመጣል፣ ቤት ስደርስ ይጠፋል

ሰላም ወዳጆች፣ እስቲ አማክሩኝ። አጫጭር ታሪኮች መጻፍ እወዳለሁ፤ ሰሞኑን ግን ብዕር ሳነሳ ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ሙዚቃ ከፍቼ ስሞክር የዘፈኑ ግጥም ከራሴ ቃላት ጋር ይጋጭብኛል፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረውን ስከፍት ደግሞ እሱን ሳዳምጥ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱ እንደነጣ ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መራመድ አዳዲስ ሐሳብ ለማፍለቅ እንደሚረዳ አሳይተዋል፤ እውነታቸውን ነው፣ ዛፍና ወፍ እያየሁ ስሄድ ሐሳቡ ይጎርፋል። ቤት ስደርስ ግን ብን! ድምፄን በስልክ ልቅዳ ብዬ ነበር፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ማውራቱ አሳፈረኝ (ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር አለቀቀኝም)። እናንተ ሐሳባችሁን እንዴት ነው የምትይዙት? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የምትጽፉስ፣ ምንም በማይመጣበት ቀን ከምን ትጀምራላችሁ? «ዝም ብለህ ጻፍ» የሚለውን ምክር ግን ተዉልኝ፣ እሱን ጠግቤያለሁ።