ጂዲቢ ላይ አራቱም ታስክ አንድ መስመር ላይ የቆሙ ይመስላሉ

የጣና_ልጅ፦
ሰላም ናችሁ ወገን፣ ከባህር ዳር ነኝ። ለመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ቺፕ ላይ ፍሪአርቶስ (ብዙ ታስክ፣ ማለትም ስራ፣ በየተራ የሚያስሮጥ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ጭኜ የጂዲቢ (የኮድ ስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም) ስተቡን፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ሆኖ ለጂዲቢ የሚመልሰውን ኮድ፣ ራሴ ነው የጻፍኩት፣ ቦርዱ መራዊ ነው ያለው እኔ ላፕቶፔን ይዤ እዚህ፣ መሀል ላይ ራስበሪ ፓይ ሲሪያሉን በኔትወርክ ያቀብለኛል። ብሬክፖይንት (ኮዱ እንዲቆም ምልክት ያደረግኩበት ቦታ) ሲመታ «ኢንፎ ትሬድስ» ስል (ጂዲቢ ታስኩን ትሬድ ነው የሚለው) አራቱም ታስክ እዛው አንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ሴንሰር የሚያነበውም ፓምፑን የሚያበራውም! ደግሞ ብሬክፖይንቱ የሴንሰሩ ኮድ ላይ ሆኖ ሳለ ሁሌ ትሬድ 1 ቆመ ይለኛል። ኔትወርኩ ነው እንዴ? ኧረ በጊዮርጊስ ሦስት ቀን በላኝ

ጨሞጋ፦
ኔትወርኩን ተወው ወንድሜ፣ ፓኬት (ጂዲቢና ስተቡ የሚላላኩት መልእክት) ቢበላሽ ቼክሰሙ (አብሮ የሚላከው ማረጋገጫ ድምር) ይይዘዋል። አንድ ኮር እኮ ነው ያለህ፣ የሚሮጠው አንድ ታስክ ብቻ ነው፣ የሌሎቹ ሬጅስተር (ሲፒዩው የሚሰራባቸው ቁጥሮች መያዣ) ሲፒዩው ውስጥ የለም፣ የየራሳቸው ስታክ (ለእያንዳንዱ ታስክ የተመደበ ሜሞሪ) ላይ ነው የተቀመጠው። ጂዲቢ መጀመሪያ በ«ኤችጂ» ፓኬት የትሬድ 3ን ነው የምፈልገው ይልና ቀጥሎ ሬጅስተር ይጠይቃል፣ ያንተ ስተብ «ኦኬ» ብሎ ይረሳውና ሲፒዩው ላይ ያገኘውን ይሰጠዋል። ኬላ ላይ አራት ሰው አንድ መታወቂያ እየተቀባበለ እንደማሳየት በለው።

ቲሲቢው (ፍሪአርቶስ ስለ እያንዳንዱ ታስክ የሚይዘው መዝገብ) መጀመሪያ ላይ ያለው ፖይንተር የስታኩ አናት ነው። ኮርቴክስ ኤም3 (ያንተ ቺፕ ኮር) ላይ ከዛ አር4 እስከ አር11፣ ቀጥሎ ሃርድዌሩ ራሱ የገፋቸው 8 ሬጅስተሮች አሉ፣ ስለዚህ ፒሲውን (ታስኩ የቆመበትን የኮድ አድራሻ) አናቱ ሲደመር 56 ላይ ታገኘዋለህ፣ ኤስፒው (የስታክ ጠቋሚው) አናቱ ሲደመር 64፣ የተቀመጠው ኤክስፒኤስአር (የሁኔታ ሬጅስተሩ) ቢት 9 አንድ ከሆነ ሌላ 4 ጨምርበት። ጂዲቢ ሬጅስተር ሲጽፍም እዛው ጻፍለት፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ዳሞት_07፦
ትሬድ 1 የሚልህ ደግሞ ስትቆም «ቲ05» (ቆሜያለሁ የሚለው መልእክት) ብቻ እየላክህ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ማን እንደቆመ ካልነገርከው ጂዲቢ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን በህይወት ያለ ትሬድ ይወስዳል፣ አዲሶቹ ቨርዥኖች እንደውም ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ። ከ05ቱ ኋላ የትሬዱን ቁጥር አያይዝ። ቁጥሩን ከ1 ጀምር፣ 0 «ማንኛውም» ማለት ነው። የቲሲቢ አድራሻን መለያ አታድርገው፣ ታስክ ጠፍቶ ሌላ ሲፈጠር ያው አድራሻ ሊደገም ይችላል፣ ያኔ ጂዲቢ አሮጌውና አዲሱ ይምታታበታል

የጣና_ልጅ፦
ሰራ!! «ኤችጂ» የሚለኝን የትሬድ ቁጥር ጭራሽ አላስቀመጥኩትም ነበር። አሁን ሴንሰሩ ዲሌይ ውስጥ፣ ፓምፑ ኪው (ከሌላ ታስክ የሚመጣ መልእክት ሰልፍ) እየጠበቀ፣ ሁሉም በየቦታው። እናመሰግናለን አያ ጨሞጋ

ጨሞጋ፦
አንድ ነገር ብቻ፣ ብሬክፖይንት ሲመታ ኮዱ ይቆማል እንጂ ፒኑ በነበረበት ነው የሚቀረው፣ ሪሌው በርቶ ከነበረ ፓምፑ መሳቡን ይቀጥላል። መራዊ ላለው ሰው ደውለህ ማብሪያውን አስጠፋው