«እንግሊዝና ፈረንሳይ መቼ ታረቁ?» ለሚል ተማሪ ምን ልመልስ?

ጥያቄ፣ ከመምህርት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስጀምር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ስለ ናፖሊዮን ሲያስተምሩን እንግሊዝና ፈረንሳይ ደመኛ ነበሩ። አሁን ደግሞ አንድ ላይ ሆነው ጀርመንን ይወጋሉ። መቼ ታረቁ?» አለኝ። «የኃይል ሚዛን ፖሊሲ ይባላል» አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ግን እንዳልገባው ፊቱ ላይ አየሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ ቃል አልፌ ማብራራት አቃተኝ። ሐሙስ 40 ደቂቃ አለኝ። ከየት ልጀምር?

ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር

ልጄ፣ ከዓመተ ምሕረት አትጀምሪ። ከካርታ ጀምሪ። ሰሌዳው ላይ የእንግሊዝን ደሴት ሳይና ከማዶ ያለውን የባሕር ዳርቻ አስምሪበት፤ በተለይ የዛሬዎቹን ቤልጂየምና ሆላንድ። ከዚያ «ይህን ዳርቻ አንድ ኃያል መንግሥት ብቻውን ቢይዘው እንግሊዝ እንቅልፍ ይወስዳታል?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሱን ራሳቸው ያገኙታል።

የሚቀያየረው የኃያሉ ስም ብቻ ነው። በ1585 (ሁሉንም በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው) የስፔኑ ፊሊፕ 2ኛ ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለሆላንዶች ጦር ላከች። ቀጥሎ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ መጣ፣ ከዚያ ናፖሊዮን። በ1914 ደግሞ የጀርመን ጦር ቤልጂየም ገባ፤ ነሐሴ 4 ቀን እንግሊዝ ጦርነት አወጀች። እንግሊዝ የቤልጂየምን ገለልተኛነት ለማስከበር በ1839 በለንደን ፈርማ ነበር። ልጁ «ታረቁ ወይ» ብሎ ነው የጠየቀው። እንግሊዝ ግን የምትፈራው ፈረንሳይን ሳይሆን የገነነውን ነበር።

ከለንደን

የጋሼ ካርታ ላይ አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። ለተማሪዎች ከረጅም ዝርዝር ይሄ አንዱ ይበልጥባቸዋል።

ናፖሊዮን በሚያዝያ 1814 ከሥልጣን ወረደ። አሸናፊዎቹ አውሮፓን ለመከፋፈል ቪየና ተሰበሰቡ። ሩሲያ ፖላንድን፣ ፕሩሺያ (ያኔ ኃያል የነበረች የጀርመኖች መንግሥት) ደግሞ ጎረቤቷን ሳክሶኒን በሙሉ እንውሰድ አሉ። ሁለቱም ከእንግሊዝ ጎን ሆነው የተዋጉ ናቸው። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ካስልሬይ ምን አደረገ? ጥር 3 ቀን 1815 ከኦስትሪያና ከፈረንሳይ ጋር፣ አዎ ከፈረንሳይ ጋር፣ በምስጢር ተፈራረመ። አጋሮቹ ከገፉበት ሦስቱ አብረው ሊዋጉ! ናፖሊዮን ከወረደ ገና ዘጠኝ ወር ነው። ሩሲያና ፕሩሺያ ለዘብ አሉና ጦርነቱ ቀረ።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ናፖሊዮን ከተጋዘባት ከኤልባ ደሴት አምልጦ ፓሪስ ሲገባ የውሉን ቅጂ አገኘና ለሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ለአሌክሳንደር ላከለት፤ አጋሮቹን ሊያጣላ። አልተሳካለትም። ይህን ስትነግሪያቸው ክፍሉ ጸጥ እንደሚል እርግጠኛ ነኝ።

የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሐዋሳ

መምህርት፣ ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን ከሰፈር ባለሱቅ ተዋሺ። ጥቂት ባቄላም ያዢ። ሁለት ልጆች ሳህኖቹን ይሙሉ። ሦስተኛው ልጅ እንግሊዝ ይሁን፤ ሥራው ቀለል ባለው ሳህን ላይ ባቄላ መጨመር ብቻ ነው። ደጋግመው ሲያደርጉት ይገባቸዋል።

ባቄላው በአብዛኛው ገንዘብ እንደነበር ግን ንገሪያቸው። የእንግሊዝ የምድር ጦር ትንሽ ነበር። በ1756 የቆየች ወዳጇን ኦስትሪያን ትታ ከፕሩሺያ ጋር ቆመች፤ ከ1758 ጀምሮ ለፕሩሺያው ንጉሥ ለታላቁ ፍሬድሪክ በዓመት 670,000 ፓውንድ ትሰጠው ነበር። ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒት በ1799 የገቢ ግብር አስጀመረ። እንግሊዝ አገር የገቢ ግብር የመጣው እንዲህ ነው።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ

የሚዛኑን ምሳሌ ወድጄዋለሁ፤ ግን ብቻውን ከቀረ ልጆቹን ያሳስታል። እንግሊዝ ሚዛን የምትፈልገው በየብስ ላይ ነው። ባሕር ላይ የበላይ መሆን ነበር ፍላጎቷ። በ1889 ባሕር ኃይሏ ከእርሷ ቀጥለው ያሉትን ሁለት ባሕር ኃይሎች በድምር እንዲስተካከል ብላ ወሰነች። ስለዚህ ባቄላ ጨማሪው ልጅ ዳኛ አይደለም፤ የራሱ ትልቅ ጆንያ አለው። ይህን ካልነገርሻቸው እንግሊዝን ሰላም አስከባሪ ያደርጓታል።

ለ«መቼ ታረቁ» ደግሞ ቀን አለው፦ ሚያዝያ 8 ቀን 1904። ግብፅ ለእንግሊዝ፣ ሞሮኮ ለፈረንሳይ ተባብለው ተስማሙ። ጀርመን በ1898 እና በ1900 ባወጣቻቸው ሕጎች ትልቅ ባሕር ኃይል መገንባት ጀምራ ስለነበር፣ ውሎ ሲያድር ስምምነቱ ወደዚያ አዘነበለ።

ከስድስት ዓመት በፊት ግን ሁለቱ ሊዋጉ ነበር። ነጭ አባይ ላይ፣ ፋሾዳ፣ በመስከረም 1898 የፈረንሳዩ ማርሻንና የእንግሊዙ ኪችነር ተፋጠጡ። ፈረንሳይ ለቀቀች። ማርሻንም የወጣው በእኛ አገር በኩል፣ በአዲስ አበባ አልፎ ወደ ጅቡቲ ነው። እኔ ብሆን በዚህ እጀምር ነበር።

ከዋሽንግተን

ስለ አገራችን ከተነሳ 1935ን አትዝለሉ። አያቴ ማይጨው ዘምቷል፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ እንደ ሩቅ ዲፕሎማሲ ማንበብ አልችልም። በሚያዝያ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ሂትለርን ለመግታት ተስማሙ። ሙሶሊኒ ጥቅምት ላይ ሲወረን እንግሊዝ ሁለት ልብ ሆነች፤ አጥብቃ ብትቃወመው ወደ ሂትለር ይሄዳል ብላ ፈራች። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በታኅሣሥ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ሰፊ መሬታችንን ለጣሊያን የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። ሙሶሊኒ በማግስቱ ዓመት ከሂትለር ጋር ሆነ። የባቄላው ፍሬ እኛ ነበርን። ልጆቹ ይህንንም ይወቁት።

መምህርት (ደሴ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ካርታውን ዛሬ ማታ በትልቅ ወረቀት እስላለሁ። በፋሾዳ ጀምሬ፣ ወደ ካርታው ሄጄ፣ ሚዛኑን መሃል ላይ አመጣለሁ። የ1935ቱን ግን በአሥር ደቂቃ መጨረስ ስለከበደኝ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ባቄላ የሚጨምረው ልጅ ያው ጠያቂው ይሆናል። ሚዛኑን ከጎረቤቴ ተውሻለሁ፤ አንዱ ሳህን ትንሽ ስለሚያዘነብል እስከ ሐሙስ ማስተካከል አለብኝ።