የጋራ ሰነድ፦ በካቶሊክ ሲስተሮች (ሴት መነኮሳት) የሚመራው ትምህርት ቤታችን የትምህርት ፍልስፍና (የወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ኮሚቴ፣ ደሴ)

ጸሐፊ፦ ገጽ 1 ተለጥፏል። የክፍያ ጭማሪው ላይ ከመነጋገራችን በፊት «የምንከፍለው ለምኑ ነው?» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር ተባብለን ነበር። ነጥብ 1፦ የልጁ የመጀመሪያ አስተማሪ ወላጅ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቫቲካን ሁለተኛ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ያለው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ወላጅን ያግዛል እንጂ አይተካም። ነጥብ 2፦ ትምህርተ ክርስቶስ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ ወላጁ ለፈረመለት ልጅ ብቻ። ግብረ ገብ ግን በሥርዓተ ትምህርቱ ያለ ስለሆነ ሁሉም ይማራል። ነጥብ 3፦ እስከ 3ኛ ክፍል የንባብ ክብደቱ በአማርኛ። ነጥብ 4፦ ረቡዕ ረቡዕ 20 ደቂቃ ተማሪው የራሱን ክፍል ያጸዳል።

ወላጅ፣ 3ኛ «ለ»፦ ነጥብ 4 ይውጣ። እኔ የምከፍለው ልጄን መጥረጊያ እንድታስጨብጡልኝ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛ ተቀጥሮ የለም እንዴ?

የቀድሞ ተማሪ፣ ኮምቦልቻ፦ ዋናው ነጥብ 2 ሆኖ ሳለ መጥረጊያ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ 2 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። የመንግሥት ሱፐርቪዥን ቢመጣ መጀመሪያ የሚያየው የጠዋቱን ሰልፍ ነው። ጮክ ያለው ጸሎት ቀርቶ አንድ ደቂቃ ጸጥታ ይሁን፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም በልቡ ያድርስ። ገጽ 2ን እኔ እጽፈዋለሁ፣ እስከ ቅዳሜ።

ወላጅ፣ ሸዋ በር፦ ጸጥታውን እደግፋለሁ። የዓርቡም አብሮ ይግባ። 2፡15 ከተጀመረ አራት ክፍለ ጊዜ በ40 ደቂቃ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት ተጨምሮ 5፡10 ላይ ያልቃል። ከጁምዓ ጋር የሚጋጨው አምስተኛው ነው፤ እሱ ከ7፡30 በኋላ ይዛወር።

ወላጅ፣ 3ኛ «ለ»፦ ለመጥረጊያው መልስ የሰጠኝ የለም።

መምህርት፣ 1ኛ ክፍል፦ ልመልስ። ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ሳን ሎሬንዞ ሰፈር ውስጥ የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት መጥረግን፣ ውሃ መቅዳትንና ዕቃ መወልወልን ከትምህርቱ ነው የቆጠረችው። ልጁ እርሳስ ከመያዙ በፊት እጁ ሥራ ይለምዳል፣ ሥራ ጀምሮ መጨረስም ያውቃል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የአዋቂ መጥረጊያ ሲሰጠው፤ እንጨቱ ከልጁ ይረዝምና የጎረቤቱን ዓይን ይወጋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ «ያረፈደ ይጥረግ» ተብሎ ቅጣት ሲሆን። ያኔ ነጥብ 4ን መሰረዝ ይሻላል።

ወላጅ፣ 3ኛ «ለ»፦ አቧራውስ? አስም ያለበት ልጅ አለ።

መምህርት፣ 1ኛ ክፍል፦ በደረቁ ከተጠረገ እውነት ነው። 40 ተማሪ አምስት ቡድን ይሆናል፤ በሳምንት የሚሠራው አንዱ፣ ስምንት ልጅ ነው። አስም ያለበት መስኮት ይከፍታል፣ ሰሌዳ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ መጥረጊያ አይነካም። ወንበር ወደ ግድግዳ ይጠጋል፤ ውሃ በእፍኝ እፍኝ ይርከፈከፋል፤ በባልዲ ከተደፋማ ጭቃ ነው የምትጠርጉት። ጥቂት ቆይቶ ከጥግ ወደ በር። ለአንድ ክፍል 2 ሊትር ይበቃል። መጨረሻ እጅ በሳሙና፣ ለልጅ ግማሽ ሊትር።

አባት፣ ሆጤ፦ ለሴቶቹ ይሁን። ወንድ ልጅ ቤቱ ያልጠረገውን እዚህ…

ወላጅ፣ 5ኛ «ሀ»፦ እንዲህ ያለው ወሬ ልጅዎ ፊት ባይወራ ጥሩ ነበር። ይሄንን ለማረም ነው ፍልስፍና የሚጻፈው!

አባት፣ ሆጤ፦ አንቺ ማን ሆነሽ ነው የእኔን ቤት የምታርሚው?

ጸሐፊ፦ ሁለት መልእክት ተሰርዟል። ስለ ሰው ቤት አይወራም።

ወላጅ፣ ሸዋ በር፦ ኧረ አብሽሩ፣ ስለ መጥረጊያ ነው እኮ የምናወራው።

አባት፣ ሆጤ፦ እሺ ትቼዋለሁ። ነጥብ 3 ግን ለምን አማርኛ? እንግሊዝኛ ፈልገን አይደል የምንከፍለው?

መምህርት፣ 1ኛ ክፍል፦ 231ዱን ፊደል ሳይለይ እንግሊዝኛ የተጫነበት ልጅ በሁለቱም ይደናቀፋል፤ ቃሉን በቃሉ ይዞ ያነበበ ያስመስላል። ለድሆች ትምህርት ቤት የከፈተው ካህን ዴ ላ ሳልም በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የድሃውን ልጅ በላቲን ሳይሆን በፈረንሳይኛ ንባብ ያስጀመረው ለዚሁ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቆይ፣ ወደ ውሃው። 2 ሊትር ለወለል፣ 4 ለእጅ፣ በ12 ክፍል 72 ሊትር። ከየት ሊመጣ? ውሃ በፈረቃ ነው፣ ያለችው ሮቶም ሥሯ ተሰንጥቋል።

ወላጅ፣ የቧንቧ ባለሙያ፦ የተሰነጠቀችው መቆሚያዋ ርብራብ ብረት ስለሆነ ነው። 5,000 ሊትር ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ ሮቶ ሥሩ በሙሉ ካላረፈ በክፍተቱ በኩል ይሰረጉድና ይሰነጠቃል። መቆሚያው በሲሚንቶ ይሞላ፣ ልክ በውሃ ልክ ይያዝ። 2 ሜትር ከፍታ ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል። የ1ኛ ክፍል ልጅ እንዲደርስበት ቧንቧው ከመሬት 60 ሳንቲም ላይ ይግባ። ዝቃጭ እንዳይስብ መውጫው ከሥሩ ትንሽ ከፍ ይበል።

ወላጅ፣ 3ኛ «ለ»፦ ይሄ ሥራ ነው! ሮቶው ላይ አለሁበት። መጥረጊያው ላይ ግን አልፈረምኩም።

ጸሐፊ፦ የኮምቦልቻው፣ ገጽ 2 የት ደረሰ? ቅዳሜ አለፈ እኮ።

ጸሐፊ፦ የኮምቦልቻው?

ገንዘብ ያዥ፦ ቦርዱ ገንዘብ የሚፈቅደው ለሚታይ ነገር ነው። ውሃው ነጥብ 1 ይሁን፣ ሌላው አባሪ ይግባ።

መምህርት፣ 1ኛ ክፍል፦ አባሪ ማን ያነባል? የጸጥታው ደቂቃና የዓርቡ ሰዓት እንኳ ፊተኛው ገጽ ላይ ይቅሩ።

ጸሐፊ፦ የዓርቡ ይቀራል። የጸጥታው ከሲስተሮቹ ጋር ሳንነጋገር አይገባም፤ ማን ያነጋግራቸው?

ገንዘብ ያዥ፦ ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ሐሙስ አምጡልኝ። ሮቶው ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን የሚያስገባው ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል።

አባት፣ ሆጤ፦ ጥቁሩ ውሃውን አያሞቀውም?